ሣሩ የሚቃጠልበት ቀን

«ዛፍ ብንተክል ሙቀቱ ይቀንሳል? ወይስ እንዲሁ እያባበሉን ነው?»

ይህን የጠየቀኝ ጋትዌች የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በር ወጥቼ ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ ሲያስርልኝ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት።  ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ፣ ብርድ አገር ተቀምጬ ስለ ደንና ስለ አየር ንብረት ተምሬያለሁ። የዛፍ እስትንፋስ በምን በምን መሣሪያ እንደሚለካ አውቃለሁ። ያን ዕለት ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ይወሰናል» አልኩት።

ጋትዌች ገመዱን በጥርሱ እንደያዘ ሳቀ። «የተማረ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው። እኛ አገር፣ ማታር፣ ሦስት ክረምት አከታትሎ ውሃ ቤት ገባብን። ውሃው ‹ይወሰናል› አላለም፣ እህቴ።»

ሚኒባሱ ካልሞላ ወደ አቦቦ አይነቃነቅም። የጎደሉት ሰዎች እስኪመጡ ድረስ ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ወሩ ጥር ነው። አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ የሚነደው ሣር አመድ እንደ ጥቁር ላባ እየተንሳፈፈ መጥቶ ቀሚሴ ላይ ያርፋል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ መለየት አቃተኝ። በአውሮፕላኑ መስኮት ሳየው የነበረው ደመና አሁንም ከእግሬ በታች ያለ ይመስለኛል።

«ልጄ፣ ተነሺ። ጥላው ሄዷል።»

ቀና ስል አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ቆመዋል። ስማቸው ኦቻንግ ነው፤ በአቦቦ ዙሪያ ካሉት የአኙዋ መንደሮች የአንዱ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ላለች ልጃቸው የደረቀ ዓሣ በመንገደኛ እጅ ልከው መመለሳቸው ነበር። እሳቸውን ተከትዬ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አልኩ፤ ጥላው ውስጥ ገባን።

«ከዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ዛፍ አይረባም ስትይ ሰማሁ» አሉኝ። እያንዳንዱን ቃል በእጃቸው መዝነው የሚያወጡት ይመስላሉ።

«አይረባም አላልኩም፣ አባባ። ‹ይወሰናል› ነው ያልኩት።»

«እሱ ማለት አይረባም ነው፤ በትህትና ሲነገር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ ማብራራት ያለብኝ መሰለኝ፤ የትምህርት ቤት ልማድ ነው።

«ነገሩ እንዲህ ነው፣ አባባ። ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ከቁጥር በላይ በሆነ ዘመን ከመሬት በታች የተቀበረውን ከሰልና ዘይት እያወጡ ያነዳሉ። ዓለምን ከሁሉ ይልቅ የሚያሞቀው የዚያ ጭስ ነው። ዛፍ ከጭሱ ጥቂቱን ስቦ ግንዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው። ዛፉ ከተቃጠለ ደግሞ ያስቀመጠውን መልሶ ይለቀዋል። እነሱ ማንደዳቸውን ካልተዉ፣ በዓለም ያለው ባዶ መሬት ሁሉ ችግኝ ቢለብስ አይበቃም። እኔን የሚያናድደኝ ችግኙ ማባበያ መሆኑ ነው። አንዱ ያነዳል፣ ሌላው ይተክላል፣ ከዚያ ሁሉም ንጹሕ ነኝ ብሎ ይተኛል።»

አቶ ኦቻንግ ወደ ሰማይ አዩ። «የመጣሽበት አውሮፕላንስ ዘይት አይጠጣም?»

«ይጠጣል። እንዲያውም ትኬት ስቆርጥ ‹ለጉዞዎ ጭስ ማካካሻ ዛፍ እንትከልልዎት?› የሚል ጥያቄ ስልኬ ላይ መጥቶልኝ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

«የት ተከሉልሽ?»

«አላውቅም።»

«ምን ዛፍ ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋትዌችም ከመሪው ጀርባ ሆኖ ሳቀ። «ስሙን የማታውቂው፣ አገሩን የማታውቂው ልጅ አለሽ ማለት ነው» አሉኝ። «ማን ያጠጣልሻል?»

ጥላው እንደገና ሄደ፤ እኛም እንደገና ተከተልነው።

መኪናው ሞልቶ ስንነሣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቃጠለው ሜዳ ጥቁር ነው። እዚህም እዚያም ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ምድሪቱ ራሷ በእንቅልፏ የምትተነፍስ ይመስላል። አቶ ኦቻንግ ግንባሬን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «የመምህር ወልደሥላሴ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

«ቤዛ እባላለሁ። እንዴት አወቁኝ?»

«ይህ ግንባር የእሱ ነው። ሲቀበር ነበርኩ። አንቺ አልነበርሽም።»

አልነበርኩም። አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቶ አቦቦ አካባቢ ያስተማረ ሰው ነው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት በስልክ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከተማ እቀይራለሁ፣ ሥራ እቀይራለሁ፣ የጀመርኩትን መጽሐፍ ከግማሽ እመልሳለሁ። ይህችን የአንድ ወር ሥራ የተቀበልኩት ቦታው አገሬ ስለሆነ እንጂ አምኜባት አይደለም።

ሥራው ቀላል ነው። የቀጠረኝ ድርጅት ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሜዳ ላይ አራት ሺህ ችግኝ አስተክሏል። ሁሉም ጠፍቷል፤ መዝገቡ ላይ «በድርቅ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን ቦታውን ቁጥቋጦ ስለወረሰው በሚያዝያ ዶዘር ይገባል፤ ተመንጥሮ በሐምሌ እንደ አዲስ ይተከላል። የጎደለው የአንድ ባለሙያ ፊርማ ነው። ዛፍ መትከልም አለመትከልም ያው ነው ለሚል ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት መፈረም አይከብድም። ከሳምንት በፊት ቢጠይቁኝ እዚያው ባሕር ማዶ ሆኜ በፈረምኩት ነበር።

ለአቶ ኦቻንግ የተከላውን ፎቶግራፍ በስልኬ አሳየኋቸው። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች፣ መስመር የያዙ ጉድጓዶች፣ የችግኝ ፕላስቲክ፣ በስተጀርባ አንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። ጣታቸው ሁመሩ ላይ ቆመ።

«ይህ የሁመሩ ጉብታ ነው» አሉ።

«ያውቁታል?»

«ድርቅ አይደለም፣ ልጄ። እነዚህን ያቃጠልኩ እኔ ነኝ።»

ከፊት ወንበር የነበሩት ሰዎች ወሬያቸውን ተዉ። ጋትዌች በመስታወቱ አየን።

«በእኛ መንደር ሣር የሚቃጠልበትን ቀን የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አባቴ ይቆርጥ ነበር፤ የአባቴም አባት። ሣሩን ታጥፊዋለሽ፣ ድምፁን ትሰሚያለሽ። ነፋሱን ታያለሽ። ከዚያ ቀኑ ይነገራል። ቀን ቆራጩን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚያ ክረምት እኔ ከባሮ ማዶ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። እነዚያ ሰዎች በመኪና መጡ፤ በአንድ ቀን ተከሉ፤ ዘፈኑ፤ ሄዱ። እኔ ስመለስ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ነበር። ሥሩ ምን እንዳለ አላየሁም። ጥር ሲመጣ ቀን ቆረጥኩ።»

«የመንደሩ ሰዎች ግን አብረው ተክለው ነበር። ለምን አልነገሩዎትም?»

«ጠየቅኳቸው። አኬሎ የወንድሜ ሚስት ናት፤ በእጇ ተክላለች። ‹የድርጅቱ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ እያለ እኛ ምን አገባን? አንተም ቀን ከቆረጥክ የምታውቀው አለ ብለን ነው› አለችኝ። እነሱ እኔ አውቃለሁ አሉ። ድርጅቱ መንደሩ ያውቃል አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም የጠየቅኩት የለም። በእሳቱ ማግስት በአመዱ ውስጥ ሄድኩ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር። ትንንሽ እንጨቶች፣ በመስመር፣ በመስመር። በዚያ ቀን ከእሳቱ ሲሸሽ የታደነውን አውሬ ሥጋ አልበላሁም።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።  ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ በአንዱም ውስጥ እሳቱን ማን እንደሚለኩስ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከመንደራቸው ተነሥተን ወደ ጉብታው ሄድን። ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር፣ የመሬት ሙቀት መለኪያና ያ ያልተፈረመ ወረቀት አሉ። የሰፈሩን ሜዳ አልፈን በአመድ ላይ ስንራመድ እግራችን ድምፅ አልነበረውም። ድንገት ከጭሱ ማዶ አረንጓዴ ነገር ታየኝ። ሙቀቱ የፈጠረው መስሎኝ ዓይኔን አሸሁ። አልጠፋም።

ወረቀቱ ቁጥቋጦ የሚለው ይህ ነው። ከሽማግሌው ራስ በላይ የሚያልፉ፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል ለስላሳ ግንድ ያላቸው ወጣት ዛፎች። ውስጣቸው ስንገባ የንቦች ድምፅ ተቀበለን። ብርሃኑ ወንዝ ሥር ሆነው ሲያዩት እንዳለው ብርሃን ይወዛወዛል።

«ማን ተከላቸው?» አልኩ።

«ማንም። ከዚያ እሳት በኋላ መጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መጣሁ። የተተከለው ሞቷል፤ የተቆረጠው ተነሥቷል። ድሮ የቆረጥናቸው ዛፎች ጉቶ ሁሉ ቅጠል አውጥቶ ነበር። ኋላ ሳስበው በየዓመቱ ያወጣ ነበር፤ እኔ በየዓመቱ በጥር አቃጥለው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቀኑን ወደ ኅዳር አመጣሁት።»

«በኅዳር ሣሩ መች ይደርቃል?»

«አናቱ ይደርቃል፤ እግሩ እርጥብ ነው። እሳቱ አጭር ሆኖ እየተንፏቀቀ ያልፋል፤ ጉብታውን ዙሪያውን ይበላለታል። ጥር ላይ ትልቁ እሳት ከሌላ ቦታ ሲመጣ የሚበላው አያገኝም። ጎረምሶቹ ‹ሽማግሌው እሳት ፈራ› ብለው ሳቁብኝ። አደኑም ቀነሰባቸው። እኔም አዎ ፈርቻለሁ አልኳቸው።»

በወገባቸው የነበረውን ማጭድ መዝዘው ከአንዱ ጉቶ አጠገብ በርከክ አሉ። ከአንድ ሥር ሰባት ቀንበጥ ወጥቷል። አምስቱን ቆርጠው ሁለቱን ተዉ። «ሰባት ልጅ ከአንድ ጡት አይጠግብም» አሉ። የቆረጡትን ለአኬሎ ማገዶ ብለው አሰሩት።

እኔ ግን ጥርጣሬዬን እንደ ዕቃ ተሸክሜው ስለምዞር በቀላሉ አላስቀምጥም። «አባባ፣ ቦታው ያማረ ነው፤ አልክድም» አልኳቸው። «ግን ይህ ጉብታ ስንት ነው? አንድ የከሰል ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚያወጣውን ጭስ እነዚህ ዛፎች በዕድሜያቸው አይስቡትም። እውነቱን ካልነገርኩዎት የተማርኩት ለምን ነው?»

አልተቆጡም። ማጭዱን በቅጠል እየጠረጉ «እነሱ ቀን ቆራጭ አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እነማን?»

«ከሰሉን የሚያነዱት። የእነሱ እሳት ቀኑን የሚቆርጥለት ማነው?»

 «በየዓመቱ ይሰበሰባሉ» አልኩ። «ብዙ ይነጋገራሉ። ቀኑን ግን እስካሁን አልቆረጡም።»

«እንግዲያው የእኔ ዛፍ የእነሱን እሳት አያጠፋም፤ ልክ ነሽ። እኔ የማዘው የራሴን እሳት ነው፤ እሱን ከጥር ወደ ኅዳር አመጣሁት። አንቺ እዚያ አገር ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ። ሄደሽ ቀን ቁረጡ በያቸው። እስከዚያ ግን እኔ በፀሐይ ልቀመጥ? ትናንት አንቺስ ጥላውን ተከትለሽ ስትነሺ የነበረው ለዓለም ብለሽ ነው?»

የሙቀት መለኪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከዛፎቹ ወጥቼ አመዱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ። ከወጣቶቹ ዛፎች ሥር አስቀመጥኩት፤ ሠላሳ አራት። ሁለቱን ቁጥሮች ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግሬ ነግሮኝ ነበር» አሉ።

ወደ ጉብታው መሐል ወሰዱኝ። እዚያ ትልቅ የዋንዛ ጉቶ አለ፤ መቁረጫው ግራጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ከጎኑ ሦስት ግንዶች ወጥተው አናታቸው ላይ ነጭ አበባ ይዘዋል።

«ይህን የቆረጠው አባትሽ ነው» አሉኝ። «ለትምህርት ቤቱ ምሰሶ። መጥቶ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ልጆቼ እዚያ ቤት ተማሩ። አባትሽ በየዓመቱ ተማሪዎቹን ይዞ እየመጣ በምትኩ ይተክል ነበር፤ አንድም አልጸደቀለትም። ምናልባት እኔ አቃጥዬበት ይሆናል። ሳንነጋገር ሞተ። ጉቶው ግን አልሞተም ነበር፤ ያንን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ሁለታችንም ባረፍን።»

እጄን ግንዱ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር። አባቴ ከዚህ የወሰደው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ከሥር ያለው አርባ ዓመት ሙሉ በየጥሩ እየተቃጠለ፣ በየክረምቱ እየጀመረ ጠብቋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ከሥሩ የሚነቅለውን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ጥላው ሥር ቆሜያለሁ።

ወረቀቱን አውጥቼ ምን እንደሚል ነገርኳቸው። ደብቄ መሄድ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። አቶ ኦቻንግ ሲሰሙ ማጭዱን መሬት ላይ አኖሩት።

«ዶዘር ጉቶ ይተዋል?»

«አይተውም። ከነሥሩ ነው የሚነቅለው።»

«ከዚያ በኋላ ችግኝ?»

«ችግኝ፣ በመስመር።»

«ቀን ቆራጩን ሳይጠይቁ» አሉ፤ ድምፃቸው አልተነሣም። «አንቺ ትፈርሚያለሽ?»

«ትናንት ቢሆን እፈርም ነበር» አልኳቸው። «ዛሬ ግን አልፈርምም፣ አባባ። እርስዎም አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ሥራዎ አይታይም። ከሰማይ የሚነሣው ፎቶግራፍ ላይ ቁጥቋጦ ነው። እያንዳንዱን ጉቶ ቀይ ጨርቅ እንሰርበት፣ እንቁጠረው፣ እንጻፈው። የሚቃጠልበትንም ቀን በጽሑፍ ለወረዳው እናሳውቅ። የሚነገር ብቻ ሳይሆን የሚጠየቅም ቀን ይሁን።»

ይህኛው ለእሳቸው ከበዳቸው። አባታቸውም አያታቸውም ቀናቸውን ለማንም አሳውቀው አያውቁም። ማጭዱን አንሥተው፣ አገላብጠው፣ መልሰው ወገባቸው ላይ ሰኩት።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ ያ ሁሉ ችግኝ አይቃጠልም ነበር» አሉ። «እሺ፤ ይጠየቅ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከአኬሎ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ስናስር ሰነበትን። ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ጉቶ ቆጠርን። አኬሎ «ያ የድርጅቱ ነበር፤ ይህ ግን የቀሚሴ ነው፤ የሚነካው ሰው ከእኔ ጋር ነው» ትል ነበር፤ በአቶ ኦቻንግ የሳቁት ጎረምሶችም ሰሟት።

በአራተኛው ቀን ጋትዌች በመንደሩ ሲያልፍ ሚኒባሱን አስቆምኩት። «የጥያቄህ መልስ መጣ» አልኩት። «ዛፍ ብቻውን ዓለምን አያቀዘቅዝም፤ የሚያነዱት ማንደዳቸውን መተው አለባቸው። ማታር ያለውን ቤታችሁን ከውሃው አያድነውም፤ ያድነዋል ብልህ መዋሸት ነው። ቆሞ የኖረ ዛፍ ግን ለእግርህ ጥላ፣ ለአፈርህ ማሰሪያ፣ ለከብትህ ቅጠል ነው፤ ከጭሱም ድርሻውን ያነሣል። የሚቆጠረው የተተከለው አይደለም፤ እሳቱን አልፎ የቆመው ነው።»

«ከ‹ይወሰናል› ይረዝማል» አለኝና ክላክሱን ነፍቶ ሄደ።

ያን ዕለት ሁመሩ ሥር፣ ኔትወርክ በሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ቆሜ፣ ድርጅቱ ውስጥ ጉዳዩን ለያዙት ለአቶ አሸብር እንዲህ ጻፍኩ።

«አቶ አሸብር፣ ቦታውን አይቻለሁ። ወረቀቱን አልፈረምኩም። ቁጥቋጦ የተባለው ደን ነው፤ 631 ጉቶ ሕይወት አለው፤ አብዛኛው ከሰው ቁመት አልፏል። የጠፉት ችግኞች የጠፉት በድርቅ ሳይሆን ሣሩ በጥር ስለተቃጠለ ነው፤ የሚያቃጥለውን ሰው ማንም አልጠየቀውም ነበር። አሁን ቀኑ ወደ ኅዳር መጥቷል። ለአዲስ ተከላ የተመደበው ሁሉ ለጥበቃና በጊዜው ለሚደረገው ቃጠሎ ቢውል፣ ያለ አንድ ችግኝ ብዙ ጉብታዎች ደን ይሆናሉ። ዶዘሩ ከገባ አርባ ዓመት የጠበቀ ሥር በአንድ ቀን ይጠፋል። እባክዎ አይላኩት። ቀይ ጨርቆቹን በፎቶግራፉ ላይ ያዩአቸዋል።»

ላክሁት። መድረሱን፣ ቀጥሎም መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወጣ።

የወሩ ሥራዬ አለቀ፤ እኔ ግን የአባቴን ቤት ከፍቼ ተቀመጥኩ። የካቲት አለፈ፤ መጋቢት አለፈ። ሚያዝያ ገብቶ የመጀመሪያው ደመና ከባሮ በኩል ሲነሣ አቶ ኦቻንግና እኔ ጉብታው ላይ ቀንበጥ እንቀንስ ነበር። በመንገዱ ላይ የከባድ መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ማጭዳቸውን አየር ላይ እንደያዙ ይቆማሉ። ድምፁ ሲያልፍ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ወደ ስልኬ በአገጫቸው ያመለክታሉ።

እከፍተዋለሁ። መልእክቴ እዚያው አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም።